የእናቴ ተረከዝ

ባለፈው ሳምንት በአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ በኩል ሳልፍ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ሰማያዊ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ድምፅ ማጉያው፣ «የአጥንትዎን ጥንካሬ በነፃ ይወቁ! መርፌ የለም፣ ደም የለም፣ ተረከዝዎን ብቻ ያስገቡ!» እያለ ይጮኻል። ጥላው ውስጥ ሰዎች አንድ እግራቸውን ባዶ አድርገው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። አንዲት ሙዝ ሻጭ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ተረከዟን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት እኔንም አየኝና፣ «ይግቡ እንጂ ጋሼ! ጊዜ አይፈጅም» አለኝ።

ጋሼ መባልን ገና አልለመድኩትም። ጢሜ ላይ ነጭ ብቅ ብቅ ማለት ከጀመረ ወዲህ ነው የከተማው ልጆች እንዲህ የሚሉኝ። ያቆመኝ ግን እሱ አልነበረም። ያቆመኝ ማሽኑ ነው። ተረከዝ የሚገባበት ጎድጓዳ ሣጥን ነው፤ እግር ሲገባበት ሁለት ለስላሳ ትራሶች ከግራና ከቀኝ ተረከዙን ያዝ ያደርጉታል። ከዚያ ጥቂት ዝም ይላል፤ ሰውም አብሮት ዝም ይላል። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ በዚያ ዝምታ ውስጥ የእናቴ ኑሮ ተወስኗል።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም፤ በዚያ ላይ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንልኝም። ጠዋት ሴቻ፣ ከሰዓት ሲቀላ፣ አመሻሹ ላይ ዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ። ለሰርግ ግጥም እጽፋለሁ፣ ለምርቃት ግጥም እጽፋለሁ፣ ለራሴ የጻፍኩትን እቀድዳለሁ። አስተማሪ ስላልነበረኝ ግጥም የተማርኩት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያና ከሰው አፍ ነው። ሚኒባስ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው እንዴት እንደሚናገርና ንግግሩን የት ላይ እንደሚያቋርጥ አዳምጣለሁ። ሥራ ፈት መሆን ለዚህ ይመቻል።

አንድ የጥናት ቡድን ጋሞኛና አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። ቡድን ይበሉት እንጂ ሰለሞን የሚባል አንድ ባለሙያ፣ አንድ ሹፌርና አንድ ማሽን ነበሩ። ሰለሞን የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ከተመረቀ ብዙም ያልቆየ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የአርባ ምንጭን ሙቀት እንደ ግል ጠላቱ የሚቆጥር። ሥራው በቆላና በደጋ የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን አጥንት እየለኩ ማወዳደር ነው። ማሽኑ ራጅ አይደለም። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በአንደኛው ወገን ወደ ተረከዝ ይልካል፣ በሌላው ወገን ይቀበላል። ድምፁ ፈጥኖ ካለፈ አጥንቱ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ከዘገየ የሳሳ ነው። መልሱ በትንሿ መስታወት ላይ በቀለም ይወጣል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

ሥራውን የጀመርነው ምዕራብ ዓባያ ላይ ነው። የማንጎ ወቅት ነበር። መንገዱ ዳር ዳር የማንጎ ክምር፣ ክምሩ ላይ ዝንብ፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ትኩስ ነው። ሰለሞን ላቡን በፎጣ እየጠረገ ጄል ይቀባል፣ እግር ያስገባል፤ እኔ አስተረጉማለሁ። አንዲት አሮጊት ተረከዛቸውን አስገብተው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አዘነበሉ።

«ድምፅ አለው ብላችሁ አልነበር? እኔ ምንም አልሰማም» አሉ።

«ለጆሮ አይደለም እማማ፣ ለአጥንት ነው» አለ ሰለሞን።

አስተረጎምኩላቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ በምን ቋንቋ ነው የሚያወራው? የእኔ አጥንት ጋሞኛ ብቻ ነው የሚሰማው» ሲሉ የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲተረጎምለት ሰለሞንም ሳቀ። ምሳ ላይ ግን ማንጎ እየላጠ፣ «አየህ ገጣሚው፣ ሴትየዋ ያሉት ቀልድ ብቻ አይደለም» አለኝ። ማሽኑ አረንጓዴና ቀይ የሚለው ከሌላ አገር ሰዎች አጥንት ጋር እያስተያየ ነው፤ ሌላ ምግብ ከበሉ፣ ሌላ ሸክም ከተሸከሙ ሰዎች ጋር። «ይሄ ወንፊት ነው እንጂ ሚዛን አይደለም። አጠራጣሪውን ይለይልሃል። ከዚያ ወደ ትልቁ ማሽን ትልካለህ።»

«ትልቁ ማሽን የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

ይህን ብሎ ማንጎውን ገመጠ፤ ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከደጋው ከገረሴ ወርዳ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ቤት ነበረች። ወገቧን ስላመማት ለሕክምና ያመጣት እሱ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከገረሴ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌ እንሰቷን፣ ድንቿንና ገብሷን ይዛ ብቻዋን ትኖራለች። በገበያ ቀን ድንቹን በጀርባዋ አዝላ፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አስራ፣ ያንን ዳገት ትወርዳለች፤ ስትመለስም ባዶ ጀርባ አትመለስም። እዚያ አገር ያለ ሸክም የምትሄድ ሴት ካለች ወይ ሙሽራ ናት ወይ በሽተኛ።

ታደሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሥርዓት የሚወድ፣ ቃል የማያባክን። ሲቀላ በሠራት ቤት ጓሮ ለእናታችን አንድ ክፍል አዘጋጅቶ ከጨረሰ ቆይቷል፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ማራገቢያ ሳይቀር። እሷ ግን ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ሻንጣዋን እንኳ ፈትታ አታውቅም።

አንድ ቀን የታደሰ ሚስት ዓሣ ጠብሳ፣ ዳጣ የሚባለውን የቃሪያ ማባያ ከጎኑ አድርጋ አቅርባልን ስንበላ ነገሩ እንደገና ተነሳ።

«እማ፣ ከእንግዲህ ወደዚያ ዳገት አትመለሺም» አለ ታደሰ።

«ማን ከለከለኝ?»

«ወገብሽ።»

«ወገቤ አንተን አዝሎ ነው እንዲህ የሆነው። ቅር ካለህ እሱን ጠይቀው።»

የታደሰ ሚስት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ታደሰ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያ የምታስተረጉምለት ልጅ ማሽን አለው አይደል? ነገ ይለካት። ደህና ነሽ ካላት እኔ አፌን እዘጋለሁ። አይደለሽም ካላት ግን እዚህ ትቀመጣለች» አለ።

እናቴ የዓሣውን አጥንት ከአፏ እያወጣች፣ «ይለካኝ» አለች።

በማግስቱ ይዣት ስሄድ የቀሚሷ ጫፍ አስፋልቱን ሲጠርግ አየሁ። ያ ቀሚስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንኳ አይደርስም ነበር። ጨርቁ ተለጥጦ መሰለኝ፤ እሷም እንደዚያው ነበር የምትለው፤ «ይሄ ጨርቅ በታጠበ ቁጥር ይረዝማል»። ፀሐይዋ ገና ረፋድ ላይ ሆና አስፋልቱን አግላዋለች። እናቴ በኮንጎ ጫማዋ ከሲቀላ እስከ ሰለሞን ማረፊያ ድረስ በእግሯ ካልሄድኩ ብላ ሄደች፤ ታማሚ እንዳልሆነች ለማሳየት ነው። ሰለሞን እግሯን አስገባ። መስታወቱ ቢጫ አለ፤ ያውም ከቀዩ ጫፍ የሚዋሰነውን ቢጫ።

ተረጎምኩላት። ጫማዋን አጠለቀችና፣ «ይሄ የቆላ ልኬት ነው» አለች።

ደገኛ ስለ ቆላ ያለውን ሐሳብ የማያውቅ ሰው ይሄን እንደ ምክንያት ማብዛት ሊያየው ይችላል። እናቶቻችን ግን ከልባቸው ያምኑበታል። ቆላ ወባ ነው፣ ቆላ ሥጋን ያላላል፣ ቆላ የወረደ ሰው ግማሽ ጉልበቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። እናቴ አርባ ምንጭ በገባች ቁጥር የምትታየው ፍተሻ ላይ ተበርብሮ የተተወ ዕቃ መስላ ነበር። ማታ ታደሰ ሲጠይቃት ቀጥ ብላ መለሰችለት።

«እዚህ ሙቀት ውስጥ ማን ጤነኛ አለ? ያ ልጅ ራሱ እንደ ቅቤ እየቀለጠ ነው የለካኝ። አገሬ ላይ ይለካኝ።»

«አጥንት አጥንት ነው እማ። አገር አይመርጥም።»

«የእኔ ይመርጣል።»

ወደ ገረሴ የምንወጣው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ ስነግረው ታደሰ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ እጁን ዘረጋላት። «እሺ። እዚያም ይለካሽ። እዚያም ይሄንኑ ካለ ግን በዚያው መኪና ተመልሰሽ ትመጫለሽ።»

«አረንጓዴ ካለስ?»

«አረንጓዴ ካለ ዳግመኛ ስለዚህ ጉዳይ አላነሳም።»

እጁን መታችው። እናትና ልጅ እንደ ከብት ነጋዴ ተስማሙ።

ወደ ገረሴ ስንወጣ እናቴ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ እኔና ሰለሞን ማሽኑን መሐላችን አድርገን ከኋላ። መንገዱ እየወጣ ሲሄድ መጀመሪያ ሙዙ ቀረ፣ ከዚያ በቆሎው ቀረ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ራሷ ቀረች። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ አየሩን በረጅሙ ሳበችና፣ «ይሄው፣ አሁን ሰው ሆንኩ» አለች። ሰለሞንም ጃኬቱን ደርቦ ፊቱ በርቷል፤ እሱም የደጋ ልጅ ነው።

ከምንለካበት ጤና ኬላ ግቢ በታች ከተራራው ሥር የሚወጣ ምንጭ ይወርዳል፤ ውኃው ጥርስ ይነቅላል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሊለኩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ወደ ግቢው ከመግባታቸው በፊት እዚያ ምንጭ ውስጥ ቆመው እግራቸውን ይታጠቡ ነበር። እዚያ አገር በጭቃ ወቅት ሰው ቤት ሲገባ እግር መታጠብ ግድ ነው፤ ለባዳ፣ ያውም ለሐኪም፣ እግር መስጠት ሲሆንማ! ተረከዛቸውን በሻካራ ድንጋይ ይፈገፍጋሉ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን አፈር በስንጥር ያወጣሉ። ቶሎ የወጣችውን፣ «ያቺ ደግሞ የበሬ እግር ይዛ ልትገባ ነው!» እያሉ ይስቁባታል። ከሁሉም በላይ ውኃው ውስጥ የቆየችው እናቴ ናት። ወጥታ ስትመጣ እግሯ ከቅዝቃዜው የተነሳ ጠቁሮ ነበር፤ እሷ ግን ለበዓል እንደለበሰ ሰው ተነቃቅታ ነበር።

ሰለሞን ጄል ቀባት። እግሯን አስገባ። ሁላችንም ዝም አልን።

አረንጓዴ።

እኔ እስክተረጉም እንኳ አልጠበቁም፤ ቀለሙን ሁሉም አይቷል። ጎረቤቶቿ እልል አሉ። እናቴ ቁጭ ብላ ወደ እኔ ቀና አለችና፣ «ደውልለት» አለች።

ሰለሞን ግን ተረከዟን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ፈገግታው ከፊቱ ሲሄድ አየሁት።

«በረዶ ነው» አለኝ በአማርኛ። «እግራቸው በረዶ ነው።»

«ታጥበው ነዋ።»

«እሱ ነው ችግሩ። አጥንቱ ውስጥ ያለው ስብ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይፈጥንበታል። ሥልጠና ላይ እግር ይሙቅ ብለውናል፤ እኔ ደግሞ ቆላ ስሠራ ቆይቼ ረሳሁት። እዚያ የሁሉም እግር ትኩስ ነበር።» ወደ ተሰለፉት ሴቶች አየ። ሁሉም እግራቸውን ታጥበው፣ ተረከዛቸው ነጽቶ፣ በጉጉት ይጠብቁታል።

እንደገና መለካት እንዳለባት ስነግራት እናቴ ተቆጣች። «ምን አጠፋሁ?» አለች። ጥፋት እንዳልሆነ፣ ውኃው መሆኑን አስረዳኋት። «በቆሸሸ እግር ልምጣ ነበር?» አለች፤ ይህንንም ለሰለሞን ተረጎምኩለት። የዘበኛው ጎጆ ውስጥ እሳት ነበር። እዚያ አስቀመጥናት፤ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቀለልን፣ የቡና ቅጠል አፍልተው ከሚጥሚጣ ጋር ሰጧት። እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ሳታየን ትጠጣ ነበር። እግሯ ሲሞቅ ሰለሞን ለካት። ቢጫ። እንደ አርባ ምንጩ ባይሆንም ቢጫ።

«አበሰላችሁት እንጂ!» አለች አንዲት ጎረቤታችን ከኋላ። ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

«አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ ሰለሞን። እግሯን አውጥቶ፣ ትራሶቹን ጠርጎ፣ ተረከዟን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ አስቀመጠው። ጣት ስፋት እንኳ አይሆንም የገፋት። በዚህ ጊዜ አረንጓዴ ወጣ፤ በቢጫው ድንበር ላይ፣ ግን አረንጓዴ።

ሰለሞን ተረከዙ ላይ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ጄሉን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «እኔ አላውቅም። ይሄ ማሽን ደህና ነዎት ማለቱ አይደለም፤ ታመዋል ማለቱም አይደለም። ወገብዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሄደው በትልቁ ማሽን መታየት አለብዎት። እስከዚያ ሸክም ይቅርብዎ።»

ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩላት። አዳመጠችና፣ «አጥንቴን ለማየት አዲስ አበባ?» አለች። «ልጄ፣ እኔ አርባ ምንጭ ስሄድ እንኳ ዶሮዎቼን የሚጠብቅልኝ አጣለሁ።» ከዚያ ለጎረቤቶቿ ጮክ ብላ፣ «ሦስት ጊዜ ጠየቁት። ሁለቱን ጊዜ አረንጓዴ አለ። ሌላ ምን ቀረ?» አለች።

«ምንም አልቀረ!» አሉ።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ታደሰ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው በሩ አጠገብ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ስለነበር ወደዚያ ሮጥኩ፤ እናቴም ባዶ እግሯን ተከተለችኝ።

«እህ? ምን አለ?» አለ ታደሰ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቅዝቃዜውን፣ እሳቱን፣ ተረከዙ ትንሽ ወደ ፊት ሲገፋ የሆነውን፣ ሰለሞን ያለውን።

«ሦስት መልስ ማለት መልስ የለም ማለት ነው» አለ። «ይዘሃት ና።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ታደሰ? አረንጓዴ ነው» አለች። ጥቂት አዳመጠች። «እጄን መትተሃል» አለችው። እንደገና አዳመጠች፤ አሁን ረዘም አድርጋ። ፊቷ ሲለሰልስ፣ ከዚያም ሲጠነክር አየሁ። «አውቃለሁ እንደምትወደኝ። ክፍሉም ጥሩ ነው። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እሠራለሁ? ማራገቢያውን ሳይ ልዋል?» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ ኔትወርኩ ይሁን ታደሰ ዛሬም አላውቅም።

ያለ እሷ ተመለስን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሰለሞን የሆነውን አጫወተኝ። ለአለቃው ደውሎ ነገሩን ነግሮት ነበር። አለቃው እግር እያሞቁ መቀጠል እንደሚቻል፣ ቀድሞ የሆነው ስህተት ደግሞ በብዙ ሰው መሐል እንደሚጠፋ ነግሮታል።

«እውነቱን ነው?» አልኩት።

«እውነቱን ነው። ለብዙ ሰው ይጠፋል።» በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ «እናትህ ግን ብዙ ሰው አይደለችም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእሷ ጥሩ ጊዜ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመጽናኛ ብዬ አልልም፤ ስላየሁት ነው። በየወሩ ስወጣ እንሰቷን ስትፍቅ፣ ድንቿን ስትቆፍር አገኛታለሁ። መንደሩ «አረንጓዴዋ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ገበያ ላይ ሌላዋ ሴት ሸክም ሲከብዳት፣ «ለአረንጓዴዋ ስጪያት!» ይባባላሉ፤ እሷም ትቀበላለች። ወገቧ አሁንም ያማት ነበር። ስጠይቃት፣ «ያማል እንጂ አይሰበርም፤ ማሽኑ ተናግሯል» ትለኛለች። ቀሚሷን ግን ከፍ አድርጋ በመቀነት ማሰር ጀምራ ነበር፤ ጫፉ ጭቃ እየነካ ስላስቸገራት።

ታደሰ ቃሉን ጠብቆ ስለጉዳዩ አንስቶ አያውቅም። በስልክ ስለ ዝናብና ስለ ጤና ይጠያየቃሉ። ክፍሉን ቆልፎታል፤ አላከራየውም።

የተሰበረችው በክረምት መውጫ ነው። ድንች ይዛ ወደ ገበያ ስትወርድ አብረዋት የነበሩት ሴቶች እንደነገሩኝ አልወደቀችም። ውኃ የቆረጠውን ትንሽ ቦይ ለመሻገር አንድ እግሯን አነሳች፤ በቆመችበት እግሯ በኩል ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰሙ፤ ከዚያ ነው የተቀመጠችው። መጀመሪያ ድንቹ የተፈሰሰ መስሏቸው ሊለቅሙ ጎንበስ ብለው ነበር። እሷ እንኳ ወዲያው አልጮኸችም። «ገመዱን ፍቱልኝ፣ ገመዱን ፍቱልኝ» ነበር የምትለው።

የመንደሩ ወንዶች በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተፈራረቁ፣ ያንን ጭቃ አውርደው አይሱዙ ላይ ጫኗት። እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ ያኔ እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔና ታደሰ ሆስፒታሉ በር ላይ ስንቀበላት ፊቷ አመድ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ አቁስላዋለች። የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው የተሰበረው። ብረት ለማስገባት ቢታሰብም ልቧ ማደንዘዣውን አይችልም ተባለ። እግሯ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ ተኛች። አጥንቱ ሊገጥም አልቻለም።

አንድ ሐኪም ራጁን ወደ መብራቱ ይዞ እያሳየን ጠየቀን። «ከዚህ በፊት አጥንቷ ተመርምሮ ያውቃል?»

«አረንጓዴ ነበረች» አለ ታደሰ። ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ።

ስለ ተረከዙ ማሽን ስንነግረው ሐኪሙ አልተገረመም። አረንጓዴ የተባለ ሰው ሊሰበር እንደሚችል፣ ቀይ የተባለም ሳይሰበር ዕድሜውን ሊጨርስ እንደሚችል ነገረን። ከዚያ የአከርካሪዋን ራጅ አንስቶ በጣቱ ቁልቁል ሄደ። አጥንቶቹ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ሆነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠዋል። «እነዚህ የቆዩ ስብራቶች ናቸው» አለ። «ቁመቷ አጥሮ አላያችሁም? ልብሷ አልረዘመባትም?»

ታደሰ እኔን አየኝ። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ነበር የማየው፤ በአልጋው እግር በኩል ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጭቃው ደርቆበታል። ሁላችንም ያየነው ነገር ነበር። ማሽኑ ፊት ተሰልፈን ቀለም ስንጠብቅ እሷ ዓይናችን ሥር ስታጥር ነበር።

ከሆስፒታል ወጥታ የገባችው ወደዚያው ክፍል ነው። ታደሰ ሻንጣዋን ራሱ ፈትቶ ልብሶቿን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባ፤ እሷ አልጋው ላይ ሆና ታየው ነበር። እንሰቱን ጎረቤት ወሰደው። ሰለሞን ከዚያ በፊት ወደ አገሩ ተመልሶ ስለነበር ያወቀ አይመስለኝም። የጥናቱን ውጤት ማንም አላመጣልንም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ከድንኳኑ ደጃፍ ተነስቼ በቀጥታ ወደ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ስለ ድንኳኑ ለእናቴ አላነሳሁላትም። በመንገድ ላይ ሳስበው የነበረው ሌላ ነገር ነው። ያ ሣጥን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፅ በአንድ ተረከዝ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ። እሱንም የሚያውቀው እግሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር እየተለዋወጠበት ነው። እኛ ግን የጠየቅነው እናታችን የት ትኑር ብለን ነው። ያንን መጠየቅ የነበረብን እርስ በርሳችን ነው። ማሽን ስለተገኘ ግን ሁላችንም ተገላገልን፤ ታደሰ ከልመና፣ እሷ ከማስረዳት፣ እኔም ከመምረጥ። ሣጥኑ ትክክል ቢሆን ኖሮም ጥያቄው ስህተት ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ግጥም ጀምሬ አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ የሆነ ቦታ ላይ ይዋሻል፣ ስለዚህ እተወዋለሁ።

ማራገቢያው ይዞራል። እናቴ በጎኗ ተኝታለች፤ በጣም ቀላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«እማ፣ ያኔ ቀይ ብሎሽ ቢሆን ኖሮ?»

ስለ ምን እንደማወራ ወዲያው ገባት።

«ቀይ ቢለኝ ኖሮ እዚህ አምጥታችሁ ትቆልፉብኝ ነበር። እኔም እናንተን እየጠላሁ እኖር ነበር» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁንማ የምጠላው ሰው አጣሁ። እሱ ነው የከበደኝ።»

ታደሰ አልጋዋን መስኮቱ ሥር ያደረገላት ከዚያ የገረሴ በኩል ተራሮች ስለሚታዩ ነው። ያን ቀን ጭጋጉ ተገፎ እስከ ጫፋቸው ድረስ ጥርት ብለው ይታዩ ነበር፤ የእንሰቱ ጥቁር አረንጓዴ እንኳ ከዚህ የሚለይ ይመስላል።

«በል አዙረኝ» አለችኝ።

ተራሮቹን ልታይ መስሎኝ ትከሻዋን ወደ መስኮቱ ሳብኩ። እጄን ገፋችው።

«ወደ ግድግዳው» አለች።